አንድ ቤት፣ አራት ስም

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ስለ ርዕስ አወጣጥ፣ ስለ መግቢያ አንቀጽ፣ ስለ ምንጭ ጥበቃ ስንከራከር እናመሻለን። ስለ ድረ ገጽ አድራሻ ግን ትንፍሽ አንልም። እሱ «የአይቲው ልጅ ሥራ» ነው። የአይቲውን ልጅ ስትጠይቁት ደግሞ «ማንም አልነገረኝም» ይላችኋል። በዚህ መሐል ለወራት የተደከመበት ዘገባ ጎግል ላይ ሲፈለግ ወይ አይገኝም፤ ወይ ከእኛ ቀድቶ በለጠፈ ሰው ስም ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አድራሻ እናወራለን። አሰልቺ መስሎ የታያችሁ ትንሽ ታገሡን፤ ጉዳዩ የጻፋችሁት ነገር የማን ሆኖ ይቀራል የሚል ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። አንባቢው አድራሻውን ከሦስቱ ደብልዩ ጀምሮ ቢጽፈው ይከፈትለታል። ሦስቱን ደብልዩ ትቶ ቢጽፈውም ይከፈትለታል። በኤችቲቲፒ ቢመጣ ይገባል፤ በኤችቲቲፒኤስ ቢመጣም ይገባል። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ለእኛና ለእናንተ አራቱም አንድ ቤት ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን አይደሉም። ደብልዩ ያለው ስምና የሌለው ስም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ባለቤቱ ከፈለገ በአንደኛው ጋዜጣ፣ በሌላኛው የዶሮ መኖ መሸጫ መክፈት ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። የጎግል አሳሽ ፕሮግራምም ይህን ስለሚያውቅ «አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ዝም ብሎ አያልፍም። አራቱንም በር ያንኳኳል፤ አራቱም ውስጥ ያው ጽሑፍ ይቆየዋል።

በዚህ ላይ መጨረሻ ላይ የምትቀጠለዋን እዝባር ጨምሩበት። እሷ ያለችበትና የሌለችበት አድራሻም ሁለት ነው። ፌስቡክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከእሱ ዘንድ በሚወጣ ሊንክ ላይ ረጅም የመከታተያ ጅራት ይቀጥላል። ለሕትመት ተብሎ የተዘጋጀው ገጽ ሌላ አድራሻ አለው፤ ለስልክ ተብሎ የተዘጋጀው ሌላ። አንድ ዘገባ ሳይታወቀው አሥር አድራሻ ያፈራል።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ እናርም። ድረ ገጽ እናስተዋውቃለን የሚሉ ሰዎች ደንበኛ ለማስፈራራት «ጎግል በድግግሞሽ ይቀጣችኋል» ይላሉ። አይቀጣም። ጎግል አንድ ዓይነት የሆኑትን ገጾች ሰብስቦ በአንድ ምድብ ያስቀምጥና ከመካከላቸው አንዱን እንደ ተወካይ ይመርጣል። ፍለጋ ላይ የሚታየው ተወካዩ ነው። ጉዳቱ ቅጣት አይደለም፤ ጉዳቱ መራጩ ሌላ መሆኑ ነው። እናንተ ካልመረጣችሁ እሱ ይመርጥላችኋል። የመረጠው ደግሞ የጋዜጣው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ላይ የታተመው አድራሻ ላይሆን ይችላል። ጅራታሙ ሊሆን ይችላል። ከዚያም አልፎ ጽሑፉን ቃል በቃል ገልብጦ የለጠፈው ሌላ ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ድረ ገጾችን ለሚያውቅ ሰው ይሄ የመጨረሻው ተረት እንዳልሆነ መንገር አያስፈልግም።

ተወካዩ የሚመረጠው በብዙ ምልክቶች ነው፤ ከነዚህ አንዱ ሌሎች ድረ ገጾች ወደየትኛው አድራሻ ይጠቁማሉ የሚለው ነው። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ስለ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ግን «ድረ ገጽ» ብለን ስንሰይመው ተረቱንም አብረን ወርሰናል። አርባ ሰው ሊንካችሁን ቢያጋራና አሥሩ በአንዱ፣ አሥሩ በሌላው አድራሻ ቢያደርገው፣ ድሩ አራት ቦታ ተበጥሷል። ጎግል ገጾቹን አንድ መሆናቸውን ሲያውቅ ይሰበስብላችሁ ይሆናል። እስኪያውቅ ድረስ ግን ዜናው ያረጃል።

ቀኖና

የዚህ ጉዳይ የቴክኒክ ስም «ካኖኒካል» ይባላል። ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። «ቀኖና» ነው። ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍትን ሰማንያ አንድ ብላ ስትቆጥር ምን እያደረገች እንደሆነ የሚገባው ሰው፣ ካኖኒካል አድራሻም ይገባዋል። ብዙ ቅጂ፣ ብዙ ትርጓሜ፣ ብዙ ዳርቻ ማስታወሻ ሊኖር ይችላል፤ የሚጠቀሰው ግን የቱ ነው የሚለውን ባለቤቱ ይወስናል። (የመዝገበ ቃላት ሥራ ለሚሠሩ ወንድሞቻችን፦ «ቀኖናዊ አድራሻ» የሚለውን በነፃ ሰጥተናችኋል።)

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ማት ከትስ የተባለው የጎግል ኢንጂነር ስለዚሁ ጉዳይ በራሱ ገጽ ላይ ሰፋ አድርጎ ጽፎ ባለ ድረ ገጾችን አንዱን መርጣችሁ ጽኑ ሲል መክሮ ነበር። በየካቲት 2009 ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት አንድ ላይ ሆነው በገጹ ኮድ ውስጥ የምትገባ አንዲት መስመር አስተዋወቁ፤ «የዚህ ጽሑፍ ዋናው አድራሻ ይህ ነው» የምትል። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ሦስት ኩባንያዎች በአንድ ቀን በአንድ ነገር መስማማታቸው በራሱ ችግሩ ምን ያህል እንደነበር ያሳያል። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በከፈተው መሣሪያ ውስጥም «በደብልዩ ወይስ ያለ ደብልዩ?» ብሎ የሚጠይቅ ምርጫ ነበር። ያንን በ2019 አነሣው። ዛሬ ምርጫችሁን ለጎግል የምትነግሩት ፎርም ሞልታችሁ አይደለም፤ በድረ ገጻችሁ ባሕርይ ነው።

ታዲያ ምርጫው ምን ይሁን? በደብልዩ ወይስ ያለ ደብልዩ? በዚህ ጉዳይ ሃይማኖት የያዙ ሰዎች አሉ። በደብልዩ የሚሉት የሰርቨር ባለሙያዎች ናቸው፤ ባዶው ስም በዶሜይን ሥርዓቱ ውስጥ ወደ ሌላ ስም በቀጥታ መጠቆም አይችልም፣ በባዶው ስም የተቀመጠ ኩኪም ለንዑስ ዶሜይኖች ሁሉ ሊተርፍ ይችላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ያለ ደብልዩ የምንለው በአውራ ጣታችን የምንጽፍ ሰዎች ነን። ለአንድ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መምረጡ ነው ቁምነገሩ። ኤችቲቲፒ ወይስ ኤችቲቲፒኤስ የሚለው ግን ክርክር የለበትም። ጎግል በነሐሴ 2014 ኤችቲቲፒኤስን በደረጃ አሰጣጡ ውስጥ እንደሚያስገባ አስታውቋል፤ ክሮም ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ያለ ኤስ የሚከፈትን ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ይለጥፍበታል። ሰርተፊኬት ውድ ነው የሚለው ምክንያትም ሌትስ ኢንክሪፕት በ2015 መጨረሻ በነፃ ማደል ከጀመረ ወዲህ ሞቷል።

ከተመረጠ በኋላ የቀሩት ሦስቱ በሮች አይዘጉም። ይህ የብዙዎች ስሕተት ነው፤ ይዘጓቸዋል ወይ እንዳሉ ይተዋቸዋል። መደረግ ያለበት የመጣውን እንግዳ ወደ ዋናው በር መሸኘት ነው። ሰርቨሩ ለዚህ ቁጥር አለው፤ 301። «በቋሚነት ተዛውሯል» ማለት ነው። 302 ደግሞ «ለጊዜው እዚያ ነኝ፣ እመለሳለሁ» ይላል። ሁለቱ ለአንባቢው ዓይን አንድ ናቸው፤ አንባቢው ያው ተሸኝቶ ይደርሳል። ለጎግል ግን አንደኛው ቤት መቀየር ነው፣ ሌላኛው ዘመድ ጥየቃ መሄድ። ለሁልጊዜ ቤት ቀይራችሁ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ካላችሁ፣ የድሮው ቤታችሁ በር ላይ ቆሞ ቢጠብቃችሁ አትፍረዱበት።

አዳማን አስቡት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ናዝሬት ብሎ የተሳፈረም አዳማ ብሎ የተሳፈረም የሚወርደው አንድ መናኸሪያ ነው። «ናዝሬት የሚባል ከተማ የለም» ተብሎ መንገድ ላይ የቀረ ተሳፋሪ አልሰማንም። 301 ማለት ይኸው ነው። ስሙ ይቀየራል፣ መንገደኛው አይጠፋም።

ይህን ያልገባቸው ግን የእኛው የዜና ቤቶች ናቸው

ከመካከላችን አንዷ በተለማማጅነት የሠራችበት አንድ መጽሔት ድረ ገጹን «አሳመረ»። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ሎጎ፣ የሚንሸራተቱ ፎቶዎች። የምረቃ ኬክ ሳይቀር ተቆርጧል። በማግስቱ የስድስት ዓመት ጽሑፎች አድራሻ ሁሉ ተቀይሮ ተገኘ። ይባስ ብሎ የድሮው ሊንክ ሁሉ ወደ መነሻ ገጹ እንዲሄድ ተደርጓል። ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የተጻፈውን ፈልጎ የመጣ ሰው የሚንሸራተት ፎቶ ይቆየዋል። ሪዳይሬክት ተደርጓል ብለው ግን ይምላሉ! ለአንባቢ ይሄ «የፈለጉትን መጽሐፍ አጥተነዋል፣ ግን ቤተ መጻሕፍቱን ይጎብኙ» እንደማለት ነው። ጎግልም እንዲህ ያለውን ሽኝት ብዙ ጊዜ «ገጹ የለም» ብሎ ነው የሚተረጉመው። እያንዳንዱ የድሮ ጽሑፍ ወደራሱ አዲስ አድራሻ ነው መሸኘት ያለበት። አዘጋጁ ሲጠየቁ የመለሱት «አዲሱ አያምርም?» ብለው ነው። ያምራል።

እንዲህ ያለው ነገር ከሥራ ማስታወቂያ ሽያጭ ጋር ብቻ የሚያያዝ ቢሆን እኛም ባላስጨነቀን። ጋዜጣ ግን የታሪክ መዝገብም ነው። በአንድ ጥናት ወረቀት የግርጌ ማስታወሻ ላይ የተጠቀሰ ሊንክ፣ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ የቀረበ ሊንክ፣ «ባለሥልጣኑ ያኔ እንዲህ ብለው ነበር» ለማለት የሚያስፈልግ ሊንክ ሲሞት፣ ባለሥልጣኑ ያን ቃል አልተናገሩም ማለት ይቀላል። የወረቀቱ ቅጂ ወመዘክር ይገኝ ይሆናል። በድረ ገጽ ብቻ የወጣው ግን የት ይገኛል? ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ገና በ1998 አድራሻ እንዳይቀየር የሚመክር አጭር ጽሑፍ አውጥቷል፤ አድራሻ በራሱ አይቀየርም፣ ሰዎች ናቸው የሚቀይሩት የሚል ሐሳብ ያለው። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነው።

መሥሪያ ቤቶቻችንንም እዩ። የሚኒስቴር ስም በአዋጅ ይቀየራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ብቻ ካቢኔው ወደ ሃያ ሚኒስትሮች ሲጠብ ስንቱ ተዋሐደ፣ ስንቱ ተሰነጠቀ። አዋጆቹ ንብረት፣ ሠራተኛ፣ መብትና ግዴታ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል ብለው ይደነግጋሉ። አንድ መስመር ጨምረው የድረ ገጽ አድራሻም ይተላለፋል ቢሉ ምን ነበረበት? መመሪያና ጨረታ ፈልጎ የሚመጣው ዜጋ እኮ የሚመጣው በድሮው ሊንክ ነው።

ይቻላል ወይ የሚል ካለ፣ ዘ ጋርዲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1821 ማንቸስተር የተመሠረተው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእንግሊዝ በሚሰጠው አድራሻ ከመጠራት ወደ ነጥብ ኮም ተዛወረ። የዓመታት ክምችቱን ሁሉ ይዞ። ከዚያ በፊት የተለጠፈ ሊንክ ብትከፍቱ ዛሬም ወደ አዲሱ አድራሻ ተሸኝታችሁ ያንኑ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የኬክ ቆረጣውን ነገር አናውቅም።

በተቃራኒው ደግሞ በችኮላ የተደረገ ሽግግር ምን እንደሚመስል ከትዊተር ተምረናል። በሐምሌ 2023 ስሙ ኤክስ ሆነ፤ አድራሻው ግን ትዊተር እንደሆነ ቆየ። ወደ አዲሱ አድራሻ ጠቅልሎ የገባው በግንቦት 2024 ነው፤ አሥር ወር ገደማ። በመሐሉ፣ በሚያዝያ 2024፣ የአይፎን አፑ ሰዎች በጻፉት ውስጥ «ትዊተር ነጥብ ኮም» የሚለውን ሁሉ በጥድፊያ «ኤክስ ነጥብ ኮም» እያደረገ ማሳየት ጀመረ። ያልታሰበው ነገር ቃሉ በሌላ ስም ጭራ ላይ ሲመጣም መቀየሩ ነው። «ፌዴትዊተር ነጥብ ኮም» የሚል አድራሻ የመልእክት ማመላለሻው ፌዴክስ መስሎ ይታያል፤ ሲነካ የሚወስደው ግን ሌላ ቦታ። ሌባ እንዳይቀድማቸው ብለው እንዲህ ያሉ ስሞችን ተሽቀዳድመው የገዙ ደግ ሰዎች ነበሩ። በዓለም ስመ ጥር የሆነ ኩባንያ ላይ ይህ ከደረሰ፣ «የአይቲው ልጅ ያውቃል» ብሎ መተኛት አይቻልም።

የእኛ የብቻ ጣጣ

በአማርኛ ስንመጣ ሌላ የድግግሞሽ ምንጭ አለን፤ ፊደላችን። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መጀመሪያው በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ» ሊጻፍ ይችላል። መካከለኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። አማርኛ አስተማሪያችሁ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ብቻ ልክ ነው ትላችኋለች፤ ሰዉ ግን በሁሉም ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ነው የተሰጠው። ስለዚህ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ወደ አድራሻ በሚቀየርበት ድረ ገጽ ላይ አራሚው ርዕሱን ከ«ጸሀይ» ወደ «ፀሐይ» ሲያስተካክል አድራሻውም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ቀድሞ የተጋራው ሊንክ ሜዳ ላይ ቀረ። ሰዋስው ያረመ ሰው አንባቢ አባረረ!

በዚያ ላይ የፊደሉ አድራሻ ሲገለበጥ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አንዲት «ሀ» ፐርሰንት ምልክቶችና ቁጥሮች የተቀላቀሉበት ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። «ኢትዮጵያ» የምትለው አምስት ፊደል አርባ አምስት ምልክት። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የስለላ ኮድ ይመስላል፤ በመሐል ተቆርጦ የሚደርስም አለ። የአማርኛ አድራሻ አይኑር አንልም። ቋንቋችን በአድራሻው መስመርም ላይ መታየት አለበት ብለን የምናምን ነን። ግን አንዴ የወጣ አድራሻ ርዕሱ ቢታረምም እንዳይነካ፣ ከተነካም የድሮው ወደ አዲሱ እንዲሸኝ ከሶፍትዌሩ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

«ድረ ገጽ ማን ያያል? እኛ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ፌስቡክ ላይ የምትኖሩት በኪራይ ነው። ሚሊዮኖች ገጽ የከፈቱበትን ጂኦሲቲስን ያሁ በጥቅምት 2009 ዘጋው፤ ጎግል ፕላስም በ2019 ተዘጋ። በዚያ ላይ ፌስቡክ ራሱ አድራሻ ቆጣሪ ነው። ላይኩንና ሼሩን የሚመዘግበው በአድራሻ ነው። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሲዛወሩ ሺህ ላይክ የነበረው ጽሑፍ ዜሮ ሆኖባቸው የደነገጡ ድረ ገጾች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ የተቀመጠው አንባቢ ደግሞ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ጽሑፍ ሲፈልግ ቴሌግራም ቻናል ወደኋላ እየሳበ አይውልም። ጎግል ላይ ይጽፋል።

ወጪ ነው እንዳይባል ደግሞ የብዙዎቹ ድረ ገጾች ሰርቨር ላይ ሥራው ጥቂት መስመር ነው። አንድ ከሰዓት። ዋናው ጥንቃቄ ሰርተፊኬቱ ነው፤ ለደብልዩውም ለባዶውም ስም መሠራት አለበት። ብራውዘሩ ሰርተፊኬት የሚጠይቀው ከመሸኘቱ በፊት ነውና፣ አንደኛው ስም ካልተሸፈነ እንግዳው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ አይቶ ከደጅ ይመለሳል። ሽኝቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሁን። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ ወደ ደብልዩ፣ ከዚያ ወደ እዝባር እየተባለ ሦስት ቦታ የሚላክ እንግዳ፣ በእኛ ኔትወርክ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይጨርሳል። የራሳችሁ ገጾች እርስ በርስ ሲጠቋቆሙም በዋናው አድራሻ ይሁን፤ ቤተሰቡ ራሱ በድሮ ስሙ የሚጠራውን ልጅ ጎረቤት በአዲሱ አይጠራውም።

የዶሜይን ክፍያም አይረሳ። በነጥብ ኮም ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ወደሚያስተዳድረው ነጥብ ኢቲ የተዛወረ ድርጅት የድሮውን «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሲለቀው ሌላ ሰው ይገዛዋል። ከዚያ በየዘገባው የተጠቀሰው ሊንካችሁ ሁሉ የቁማር ማስታወቂያ ይከፍታል፤ በእናንተ ስም። ጎግል ሽኝቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቆይ ነው የሚለው። እኛ ድርጅቱ እስካለ ድረስ ይቆይ እንላለን፤ የዓመት ክፍያው አንድ የምሳ ግብዣ አይሆንም።

የምትሠሩበትን ወይም የምታነቡትን ድረ ገጽ ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ ይበቃችኋል። አራቱን አድራሻ በየተራ ጻፉና የአድራሻው መስመር ላይ ምን ቀርቶ እንደሚታይ እዩ። ክሮም ከ2019 ወዲህ ደብልዩውን ከዓይን ስለሚደብቅ፣ ኮምፒዩተር ላይ ከሆናችሁ የአድራሻው መስመር ላይ በቀኝ ተጫኑና ሙሉ አድራሻ ሁልጊዜ እንዲያሳይ ምረጡ። አራቱም አንድ ላይ ካረፉ ጥሩ። አራቱም እንደገቡ ከቀሩ፣ ለዋና አዘጋጁ ከአይቲው ልጅ በፊት ንገሯቸው።